ማተሚያ ቤታችንን ከነዕዳው ስንሸጥ ያየሁት

ገዢያችን ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። መርካቶ በጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ያደጉ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ አዛውንት ናቸው። ዋጋ በተነጋገርን በሦስተኛው ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ የባንኩን ዕዳ ለእኔ ተይው። ድርጅቱን ስወስድ ዕዳውንም ወሰድኩ ማለት አይደል? በየወሩ እየከፈልኩ እጨርሰዋለሁ። አንቺ ከወንድምሽ ጋር የተረፋችሁን ይዛችሁ ሂዱ።"

ደክሞኝ ነበር። ልፈርም ምንም አልቀረኝም። ያቆመችኝ እናቴ ናት፤ በየእሁዱ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ አላት፦ "ካርታዬስ?"

እኔና ታናሽ ወንድሜ በ2009 ዓ.ም. ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመን ልደታ አካባቢ ማተሚያ ቤት ከፈትን። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የማኅበራት መጽሔት፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ቀን መቁጠሪያ የምናትምበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በባንክ ብድር ያገለገለ ባለ አራት ቀለም የጀርመን ማሽን ገዛን። ባንኩ ማሽኑን ብቻ በመያዣነት አልተቀበለም፤ የእናታችን የኮልፌ ቤት ካርታ ተጨመረ። እማዬ ስትፈርም "ለስንት ጊዜ ነው?" ብላ ጠየቀች። "ለአምስት ዓመት" አልናት።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የእኛ ወረቀት፣ ቀለምና ፕሌት ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሥራውን የተዋዋልነው በአሮጌው ዋጋ፣ ወረቀቱን የምንገዛው በአዲሱ። መስከረም ሲጠባ ለመሸጥ ወሰንን።

የመጀመሪያው ጠያቂ ማሽኑን ብቻ ነበር የፈለገው። ጥሩ ዋጋ ሰጥቶ ጠበቃውን ላከ። ጠበቃው በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለውን የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ አየ፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተቋቋመ ነው፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊያይ ይችላል። ማሽናችን ከነመለያ ቁጥሩ ለባንኩ መያዣ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። ዕዳችንን የደበቅነው አይመስለኝም፣ ግን አስቀድመን አልነገርነውም፤ ለእሱ ሁለቱም አንድ ነው። ሁለተኛው ገዢ ሲመጡ የዕዳውን ዝርዝር አንደኛው ቀን ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

እኚህ ሰው ድርጅቱን እንዳለ ነው የፈለጉት፤ ስሙን፣ ፈቃዱን፣ ደንበኛውን፣ ሠራተኛውን። ማለትም የእኔንና የወንድሜን ድርሻ ይገዛሉ። በዚህ መንገድ ሲሸጥ "ዕዳውንም ወሰድኩ" ያሉት እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። ባለቤቱ ቢቀየር ድርጅቱ ያው ድርጅት ነው። ባንኩም፣ ገቢዎችም፣ ጡረታም የሚያውቁት የድርጅቱን ስምና የቲን ቁጥሩን ነው፤ ዕዳው እዚያው ተጽፎ ይቀጥላል። ዋስትናው ግን ከድርጅቱ ጋር አይሄድም። ዋስትናው ከእኛ ጋር ነው የሚቀረው።

ይህን ያወቅሁት የእማዬ ጥያቄ ሆዴን በላኝና የብድር ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳነብ ነው። ከ2013 ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አንብቤው አላውቅም። ሰባተኛው ገጽ ላይ እኔና ወንድሜ "በአንድነትና በነጠላ"፣ ማለትም ባንኩ ከሁለታችን ከየትኛችንም ሙሉውን ዕዳ ሊጠይቅ እንዲችል፣ በግላችን ዋስ መሆናችን ተጽፏል፣ ከሥሩ የሁለታችንም ፊርማ አለ። ድርሻችንን ሸጠን ብንወጣም ይህ ፊርማ ይቀራል። የእናቴ ቤትም እንደታገደ ይቀራል። ደጉ ገዢያችን ታመው ወይም ገበያ ከድቷቸው ጥቂት ወር ቢያስተጓጉሉስ? ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሚሸጠው የእሳቸው ቤት አይደለም፤ በሕይወቷ ሳንቲም ያልተበደረች የአንዲት አሮጊት ቤት ነው።

ስለዚህ ሄጄ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ እርስዎን አልጠራጠርም። ግን ከድርጅቱ ስወጣ ከዋስትናውም መውጣት አለብኝ" አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ከዚያ "እንግዲያው ባንኩ ጋ አብረን እንሂድ" አሉ።

ባንኩ ሁለት መንገድ አለ አለን። አንደኛው ገዢው በእናቴ ቤት ፈንታ የራሳቸውን ንብረት አስይዘው ብድሩ እንዲቀጥል ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ባንኩ ይህን የሚያየው እንደ አዲስ ብድር ነው፦ አዲስ ግምት፣ አዲስ ጥናት፣ አዲስ ኮሚቴ። ጊዜውም አልረዳንም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነው። የብድር ክፍሉ ልጅ በትሕትና "እስከ ሰኔ ድረስ ተስፋ አታድርጉ" አለን። ሁለተኛው መንገድ ብድሩን ከሽያጩ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነበር። ይህን መረጥን።

እዚህ ላይ ቁጥር ልናገር፣ ያለ ቁጥር ነገሩ አይገባም። ለንባብ እንዲቀል አጠጋግቻቸዋለሁ። ድርጅቱ ምንም ዕዳ የሌለበት ቢሆን ብለን የተስማማንበት ዋጋ 9,500,000 ብር ነው። ከባንኩ ብድር የቀረው 3,840,000፣ ኦቨርድራፍት (ከሒሳባችን በላይ ያወጣነው) 600,000፣ ወረቀት በዱቤ የሰጠን አስመጪ 1,150,000፣ የታክስና የጡረታ ውዝፍ ከነቅጣቱ 410,000፣ ለሠራተኞች የሚከፈል 180,000። እነዚህን በቀላሉ ዘረዘርናቸው። አንዱን ግን ሁለታችንም ረስተነው የገዢው ሒሳብ ሠራተኛ ናት ያገኘችው፦ ቀብድ። ከአንድ ማኅበር የዓመት መጽሔት፣ ከጥር ሙሽሮች ደግሞ የጥሪ ካርድ ቀብድ ተቀብለን ነበር፤ ብሩ ወረቀት ተገዝቶበት አልቋል፣ ሥራው ግን አልተሠራም። 320,000 ብር። እኛ "ገቢ" ብለን የምንደሰትበት እሷ "ዕዳ" ብላ ጻፈችው፤ ልክ ነበረች። ድምሩ 6,500,000 ሆነ። ለእኔና ለወንድሜ 3,000,000 ቀረ።

ወንድሜ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ስምንት ዓመት ሠርተን የቀረን ይህ ነው። ደላላው ግን ሁለት በመቶውን የሚያሰላው ዕዳው ሳይቀነስ ከ9.5 ሚሊዮኑ ላይ ነበር፤ ተጨቃጭቀን መቶ ሺህ ሰጠነው። ድለላውን ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደምትከፍሉ መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ።

ቀጥሎ ያለው ለእኛ ከሁሉ ውድ ትምህርት ሊሆን የነበረ ነው። ገዢው "9.5 ሚሊዮኑን ለእናንተ ልስጥ፣ ዕዳውን ራሳችሁ ክፈሉ" አሉ። ለእኔ ልዩነቱ አልታየኝም። የሒሳብ ባለሙያችን ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። እኛ በሸጥንበት ጊዜ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርሻ ሲተላለፍ ከተገኘው ጥቅም ላይ 30 በመቶ ይከፈል ነበር። የማኅበሩ ካፒታል፣ ማለትም እኔና ወንድሜ ለድርሻችን ያዋጣነው፣ 500,000 ብር ነው። የድርሻው ዋጋ ብለን 3,000,000 ብንጽፍ ጥቅሙ 2,500,000፣ ግብሩ 750,000 ይሆናል። 9,500,000 ብንጽፍ ግን ጥቅሙ 9,000,000፣ ግብሩ 2,700,000። ከሦስት ሚሊዮናችን ሦስት መቶ ሺህ ይዘን ቤት ልንገባ! ዕዳው የእኔና የወንድሜ አይደለም፣ የድርጅቱ ነው። ስለዚህ ገዢው ለዕዳው የሚያወጡት 6.5 ሚሊዮን ለድርጅቱ ያስገቡት ገንዘብ ሆኖ ተመዘገበ፤ ድርጅቱ የራሱን ዕዳ ከፈለ፤ ለድርሻችን የተከፈለው 3 ሚሊዮን ብቻ መሆኑ በውሉ ላይ ተጻፈ። ይህ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ብር ወዴት እንደሄደ ደረሰኝ አለው። የግብር ሕግ ይሻሻላል፣ እናንተ ስትሸጡ የጊዜውን መጠን ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠይቁ።

ስለ ጡረታው መጻፍ ያሳፍረኛል። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ 18 በመቶው በየወሩ ገቢ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. አምስት ወር ሙሉ ሰባቱን ቆርጠን፣ አሥራ አንዱን ሳንጨምር፣ ሁሉንም ለወረቀት አዋልነው። "በሚቀጥለው ወር እናስገባለን" እያልን። የሠራተኞቹ ገንዘብ እኮ ነው። ወንድሜ "ይህን ለገዢው ባንናገርስ?" ብሎ ነበር። ነገርናቸው። ክሊራንስ (ድርጅቱ ውዝፍ ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ሲጠየቅ መውጣቱ አይቀርም ነበር፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ የድርሻ ዝውውሩ አይመዘገብም።

የሠራተኞቹንም ነገር ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። የድርጅት ባለቤት ስለተቀየረ የሥራ ውል አይቋረጥም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ገዢው ሁለት ሰዎች አያስፈልጉኝም ሲሉ ወጪው የማን ይሁን የሚለው መነጋገሪያ ሆነ። አንደኛው ሰባት ዓመት ማሽን ላይ የሠራ፣ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ልጅ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ በድምሩ የሦስት ወር ደመወዝ የስንብት ክፍያ አለው። በሠራተኛ ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ይጨመራል። 45,000 ብር፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዱ ሳይቆጠር። ከእኛ ሒሳብ ይቀነስ አልኩ። ማሽኑ የመጣ ሌሊት እስከ ንጋት አብሮን የቆመ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ቼኮቹ ልምጣ። እንቅልፍ የነሣኝ የባንኩ ዕዳ አልነበረም፣ የወረቀት አስመጪው ነው። እንደ ብዙ ነጋዴ እኛም ወረቀት ስንወስድ ቀኑ ገና የሆነ ቼክ እንሰጥ ነበር፣ "ለመተማመኛ" ተብሎ። ሦስት ቼኮች እሱ ጋ ነበሩ፤ በሦስቱም ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል፤ የሚጠየቀው ደግሞ ድርጅቱ ሳይሆን የፈረመው ሰው ነው። ድርጅቱን ሸጬ፣ ሒሳቡን ማንቀሳቀስ አቁሜ፣ ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ቼክ ባንክ ቢቀርብና "ስንቅ የለውም" ተብሎ ቢመለስ ፖሊስ የሚፈልገው እኔን ነው።

ዕዳው የተከፈለ ቀን ሲፒኦውን፣ ባንክ የሚያዘጋጀውን የክፍያ ማዘዣ፣ ይዤ ራሴ ሄድኩ። ደረሰኝ ጻፉልኝ። "ቼኮቼስ?" አልኩ። ሒሳብ ሠራተኛው "እነሱ እኮ ተሰረዙ ማለት ነው፣ ነገ እንልካለን" አለኝ። ተቀመጥኩ። ሻይ ታዘዘልኝ፣ ጠጣሁ፣ አሁንም ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ተገኙ። ሦስተኛው የለም። ሲጣራ ለራሳቸው ዕዳ ለሌላ ነጋዴ አስተላልፈውታል! እኔ ገንዘቡን ከፍያለሁ፣ ቼኩ በማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በአራተኛው ቀን አስመጪው ለዚያ ሰው በሌላ ቼክ ቀይሮለት የእኔን መለሰልኝ። በእነዚያ አራት ቀናት ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። ቼክ የሰጣችሁ ሁሉ ከሽያጩ በፊት የቼክ ቡኩን ጉርድ አውጥታችሁ በቁጥር ዘርዝሩ፤ የትኛው ተመንዝሯል፣ የትኛው ሰው እጅ ነው። ገንዘብ ስትከፍሉም በአንድ እጅ ከፍላችሁ በሌላው ቼኩን ተቀበሉ። "ይጠፋል እንዴ?" የሚላችሁ ሰው ራሱ የት እንዳለ አያውቅም ይሆናል።

ከባንኩ ጋር የቸገረን ቅደም ተከተሉ ነው። ገዢው ድርሻው ወደ ስማቸው ሳይዞር 4.4 ሚሊዮን ለባንክ ማስገባት ፈሩ፤ እውነት አላቸው። እኛ ደግሞ ካርታው ሳይለቀቅ ድርሻ ማዛወር ፈራን። ጠበቃችን ያገኘው መላ ይህ ነው፦ ባንኩ አስቀድሞ "ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ቀን ገቢ ከሆነ የቤቱንና የማሽኑን መያዣ፣ የሁለቱንም ሰዎች የግል ዋስትና እለቃለሁ" ብሎ ደብዳቤ ይስጥ። የግል ዋስትናው በስም እንዲጠቀስ አጥብቀን ጠየቅን፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ቤቱን ብቻ ነበር የሚያነሣው። ከዚያ ገዢው ሲፒኦውን በእኛ ስም ሳይሆን በባንኩ ስም ያሠራሉ፣ ቁጥሩ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ይጻፋል፣ ጠዋት ውልና ማስረጃ እንፈርማለን፣ ከሰዓት አብረን ሄደን ገቢ እናደርጋለን። ገንዘቡ በእኔ እጅ አላለፈም። ደስ ያለኝም ይኸው ነው፤ ካለፈ ያጓጓል።

እንዲህ ሁሉ ተጠንቅቀን በምን ተሰናከልን መሰላችሁ? በገና። የባንኩ ደብዳቤ ወለዱን ያሰላው እስከ ታኅሣሥ 28 ነበር። ሰኞ ዋዜማ ስለሆነ ገዢው ገበያ ላይ ነበሩ፣ ማክሰኞ በዓል፣ ረቡዕ አንዱ ምስክር ከአገር ቤት አልተመለሰም። የፈረምነው ሐሙስ ጥር 1 ነው። ሲፒኦው ገባ፣ እጅ ተጨባበጥን፣ ቤት ሄድኩ። በሳምንቱ ካርታውን ልወስድ ስሄድ ብድሩ አልተዘጋም። የሦስት ቀን ወለድ፣ 5 ሺህ ብር ከምናምን፣ ቀርቷል። ሒሳቡ ዜሮ ካላለ የመልቀቂያ ደብዳቤ አይታተምም። እዚያው ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈልኩ፤ ግን ደብዳቤው እንደገና ፊርማ ፍለጋ ፎቅ ወጣ፣ ፈራሚው ለጥምቀት ጎንደር ነው ተባለ፣ እያለ እያለ ጥር ተጋመሰ። ገና ስትጀምሩ ባንኩ ወለዱን ከምትፈርሙበት ቀን አሥር ቀን አሳልፎ እንዲያሰላላችሁ ጠይቁ። ትርፍ ከገባ ይመለሳል፤ ከጎደለ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል።

ከሦስት ሚሊዮኑ ውስጥ ገዢው 400,000 ብር እስከ ነሐሴ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ይዘው ቆይተዋል። ያልታየ ዕዳ ቢወጣ ከዚያ ይከፈላል ተባብለን ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነበር የጠየቁት፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ እስከ አምስት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ውሳኔ ሊያሻሽል ስለሚችል ፍርሃታቸው ከመሬት አልተነሣም። ተከራክረን ወደ ስምንት ወር ገደማ አወረድነው። በውሉ ላይ ያስጨመርኩት አንድ ሐሳብ በኋላ ጠቀመኝ፦ ማናቸውም የዕዳ ጥያቄ ሲመጣ ገዢው በአምስት ቀን ውስጥ ለእኔ ቅጂ ይሰጣሉ፣ እኔ መልስ ሳልሰጥ አይከፍሉም። ግንቦት ላይ የ2013 ዓ.ም. ተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ የ212,000 ብር ጥያቄ መጣ። የድሮ ደረሰኞቹን ዋናውን ሳስረክብ የሁሉንም ኮፒ ቤት ያስቀመጥኩት ለዚሁ ነበር። ካርቶኑን አገላብጠን የግዢ ደረሰኞች አቀረብንና ወደ 137,000 ወረደ። ከተያዘው ላይ ተከፈለ፤ 263,000ው ነሐሴ 28 ተመለሰልን። ጋሼ ቃላቸውን ጠበቁ።

ካርታውን የወሰድኩት የካቲት ውስጥ ነው፤ ባንኩ ለክፍለ ከተማው የጻፈው የዕገዳ ማንሻ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ መግባቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ። በእሁዱ ቡና ላይ ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ስሟን አነበበች፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ አጣጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችና "አምስት ዓመት ብላችሁኝ አልነበር? ገና አንድ ዓመት ይቀራል እኮ" አለች።